ስንቁን ማን ቋጠረው?

የኔታ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ማንኩሳ አካባቢ የሚኖሩ የቅኔ መምህር ናቸው። ጠያቂው በልጅነቱ እሳቸው ዘንድ ፊደል የቆጠረ፣ ዛሬ ቡሬ ላይ ተቀጥሮ የሚሠራ ወጣት ነው።

ጠያቂ፦ የኔታ፣ የዘይት ፋብሪካውና የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ሲመረቁ ለቡሬ ልጆች ሥራ መጣ ብለን ተደስተን ነበር። አሁን የማየው ግን ያሳስበኛል። ደመወዝ በተቀበሉ በሳምንቱ ኪሳቸው ባዶ የሚሆን እኩዮች አሉኝ። ጫቱ፣ ድራፍቱ፣ የኳስ ውርርዱ ይጨርሰዋል። ተማሪዎቹ ይብሳሉ፤ ለቤት ኪራይ የተላከላቸውን ብር በአንድ ቅዳሜ ማታ ያጠፉታል። ትውልዱ ተበላሽቷል የሚሉት እውነት ነው?

የኔታ፦ እኔም ልጅ ሳለሁ ትውልዱ ተበላሸ ይባል ነበር፤ እሱን ተወው። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የደምበጫን አረቄ ስም የማያውቅ አለ?

ጠያቂ፦ የለም። አዲስ አበባም ይታወቃል።

የኔታ፦ የምታወጣዋን ሴትስ ማን ያውቃታል? ጌሾ ትወቅጣለች፣ ብቅል ታበቅላለች፣ ድፍድፉን ጥላ ቀን ትቆጥራለች። ከዚያ ገና ሳይነጋ ተነሥታ ማሰሮውን ትጥዳለች። መቃው የሚገጥምበትን አፍ አጥብቃ ትመርጋለች፤ እንፋሎቱ ካመለጠ የሳምንት ድካሟ አብሮ ይሄዳል። መቀበያው እንዳይግል ውኃውን ትቀያይራለች፤ እሳቱ እንዳይበዛ፣ እንዳይጠፋም እየቆሰቆሰች ጭሱ ውስጥ ትቀመጣለች። የብዙዎቹ ዓይን ቀልቷል፣ ያለቅሳል። ልጇ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቶ የሚማረው በዚያ ብር ነው። በየገበያው ቀን ደግሞ በሶውና ሽሮው ተቋጥሮ ይላክለታል። እሱ ግን ከተማ ገብቶ አረቄ የገጠሬ መጠጥ ነው ይልና ቢራ ያዛል።

ጠያቂ፦ የኔታ፣ ሁሉንም በልጁ ላይ መጫን አይከብድም? መጠጡንም ውርርዱንም ደጁ ድረስ ያመጡለት አዋቂዎች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። ዕድሜ ጠይቆ የሚሸጥ መጠጥ ቤት ግን እኔ አላየሁም።

የኔታ፦ ልክ ነህ። የሰው ልጅ ሲጠፋ እያየ ብር የሚቆጥር ባለ ቤት በደለኛ ነው፤ ይህን በዐውደ ምሕረት ቆሜም እናገራለሁ።

ጠያቂ፦ ተስፋ መቁረጡስ? በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር፤ በ2015 ደግሞ 3.2። በዚያ ላይ ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት ተዘጋ! ነገን የማያይ ልጅ ዛሬን ቢበላ ይፈረድበታል?

የኔታ፦ (ዝም ብለው ቆዩ።) አይፈረድበትም። ትምህርት ቤት ለተዘጋበት ልጅ ስለ ቁጠባ መስበክ ግፍ ነው። ግን ልብ በል፤ ነገን የማያየው ልጅ የሚበላው የማንን ዛሬ ነው? የእናቱን አይደለም? እኔን የሚያስጨንቀኝ ልጁ ይህን አለማወቁ ነው። ጥፋቱ ደግሞ የእኛ፣ የወላጆቹ ነው።

ጠያቂ፦ እንዴት የወላጆቹ ይሆናል?

የኔታ፦ እንደብቃለን። አንድ ገበሬ አውቃለሁ። ልጁን ኮሌጅ ለማስተማር ግማሽ መሬቱን ወለድ አገድ ሰጠ፤ ሌላኛው ግማሽ ለቤተሰቡ የሚበቃ አልነበረም። ክረምቱ ሲያልፍ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማ ወረደ፣ ወባ ይዞት ተመለሰ። ልጁ ሲደውል "ደኅና ነን፣ በርበሬው ዘንድሮ ጥሩ ዋጋ አወጣ" ይለዋል። ልጁ ምን ይወቅ? አባቴ ሞልቶለታል ብሎ ስልክ ቀየረ፣ ጓደኞቹን ጋበዘ። ለዕረፍት ሲመጣ የገዛ ማሳቸውን ሌላ ሰው ሲያርሰው አየና የዚያን ቀን እህል አልቀመሰም። ከዚያ ወዲህ መጠጥ ቤት ሲገባ አላየሁትም። አንድ ዓመት ቀድሞ ቢነገረው ኖሮ መሬቱም ገንዘቡም በተረፈ።

ጠያቂ፦ እናቴም እንዲያ ናት። "ልጄ አይጨነቅብኝ" ትላለች።

የኔታ፦ ከፍቅር የመጣ ውሸት ነው፤ ግን ውሸት ነው። ልጅ የማያውቀውን ድካም ሊያከብር አይችልም። ደግሞም እኛ ሽማግሌዎቹ ንጹሕ አይደለንም። ለሠርግና ለተዝካር አራጣ ተበድረን አገር ስናበላ፣ በሬ ሸጠን ስንደግስ ያደገ ልጅ ነው። ለታይታ ማውጣትን ከቡሬ ቡና ቤቶች አልተማረም፤ ከእኛ ዳስ ነው የተማረው። ቄስ ሆኜ ይህን ስናገር የሚቀየሙኝ አሉ፤ ይቀየሙ።

ጠያቂ፦ አንድ ነገር ግን እፈራለሁ። ወላጅ ድካሙን ሁሉ ከተናገረ ልጁ ላይ ዕዳ አይሆንበትም? "ይህን ያህል ሆኜልህ" እየተባለ ዕድሜ ልኩን የሚታሰር አለ።

የኔታ፦ ጥሩ ጠየቅህ። ከዚሁ ከማንኩሳ የሚነሣ አንድ ታሪክ ተጽፏል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር አንብበሃል። የባለ ታሪኩ የበዛብህ ወላጆች ልጃችን ከዳነልን ሳያገባ እግዚአብሔርን ያገልግል ብለው ተሳሉ፤ በሕይወት ቆየላቸው። ስለቱ ግን ልጁን ቀፍድዶ ያዘው፤ ፍቅሩን ኃጢአት አደረገበት። ወላጆቹ ክፉዎች አልነበሩም። ያንን ልጅ ሳስበው ዛሬም ያመኛል። ስለዚህ ድካምህን ስትነግረው መልስልኝ ብለህ አይደለም። ሐኪም ሁንልኝ፣ እኔ የመረጥኩልህን አግባ ብለህም አይደለም። እንዲያውቅ ብቻ ነው። ካወቀ በኋላ የሚያደርገው የራሱ ነው።

ጠያቂ፦ ታዲያ ምን ይደረግ?

የኔታ፦ ሥራውን ይንካ። በርበሬው ሲለቀም ልጁን "አንተ አጥና" ብላችሁ አታስቀሩት፤ አንድ ቀን ይልቀም፣ ያስጣ፣ እያስነጠሰው ይገልብጥ፣ ገበያ ወርዶ ከነጋዴ ጋር ይከራከር። አንድ ኪሎ በስንት እንደሚሸጥና የኪራይ ቤቱ ስንት ኪሎ እንደሚበላ ራሱ ያስላው። አንተም ደመወዝተኛ ነህ፤ ለእናትህ በወር ምን ትልካለህ?

ጠያቂ፦ በየበዓሉ እልካለሁ።

የኔታ፦ በየወሩ አድርገው። ስትልክም፣ እሷም ጭስ ውስጥ ናትና፣ የማድቤቷን ጣራ ከፍ የምታደርግበት ይሁን፤ ዓይኗ ሳይጠፋ። ለሌሎቹ ደግሞ እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ፦ እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁን በመስከረም ወደ ከተማ ከመሸኘታችሁ በፊት አንድ ማታ አስቀምጣችሁ ኪራዩ፣ ደብተሩና ስንቁ ከየት እንደመጣ ሳትደብቁ ንገሩት።