ትኩሳት የሌለበት የወባ ተሸካሚ

በአሶሳና በአካባቢዋ አጥቢያዎች ወባ የሚታወቀው በትኩሳቱና በብርድ ብርዱ ነው። ነገር ግን ትኩሳት የሚያመጣው የወባ ተሕዋስ ራሱ ወደ ሌላ ሰው አይሻገርም። ከእርሱ ጥቂቱ በደም ውስጥ ወንዴና ሴቴ ሆኖ ይለያል፤ ጋሜቶሳይት ይባላል። ፋልሲፓረም በተባለው ዝርያ ለመብሰል 10 ቀን ያህል ይፈጃል። የወባ ትንኝ ከደም ጋር ወስዳ የምታዛምተው ይህንኑ ነው።

የማስተላለፉ ኃይል በሁሉም ሰው እኩል አይደለም። በቡርኪና ፋሶ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ ከጽኑ ወባ የሚጠብቁ ሁለት የሚወረሱ የሄሞግሎቢን ዓይነቶች ተሕዋሱ ወደ ትንኝ በብዛት ከመተላለፉ ጋር እንደሚያያዙ አሳይቷል። እንግዲህ ጤነኛ መስሎ የሚታይ ምእመን ሳያውቀው ለጎረቤቱ ሕመም ምክንያት ሊሆን ይችላል። ይህ የተፈጥሮ ውርስ እንጂ በደል አይደለምና ማንም አይነቀፍበት።

ስለዚህ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት በዐውደ ምሕረት እንዲህ ብለው ያስተምሩ፦ አጎበር ለታመመው ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡ ሁሉ ይዘርጋ፤ ያተኮሰው ሳይዘገይ ይመርመር፤ መድኃኒት የጀመረ ቢሻለውም ይጨርስ። ጋሜቶሳይትን የሚገድለው ፕሪማኩዊን ግን የሚወረስ የኢንዛይም እጥረት ያለባቸውን ሊጎዳ ስለሚችል፣ በጤና ባለሙያ ትእዛዝ ብቻ ይወሰድ።