የስፒከር ምርጫና አገጣጠም

ከደንበጫ አንሥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ቡሬ በሚዘልቀው ዋና መንገድ ዳር ሬድዮ፣ ባትሪና የስልክ መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። በእነዚህ ሱቆች ደንበኛንና ነጋዴን ከሚያጨቃጭቁት ዕቃዎች አንዱ ስፒከር ነው። ገዢው በገዛ በሳምንቱ «ድምፁ ቀጭን ነው» ወይም «ሬድዮዬን አቃጠለብኝ» ብሎ ይመጣል፤ ነጋዴውም ዕቃው ከካርቶኑ የወጣ አዲስ መሆኑን ስለሚያውቅ አልመልስም ይላል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስፒከሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ምርጫው ወይም አገጣጠሙ ተሳስቷል።

ስፒከር የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። በማግኔቱ መካከል የተቀመጠው የመዳብ ሽቦ ጥቅል ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የፊቱን ወረቀት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋዋል። ወረቀቱ በፊቱ ያለውን አየር ሲገፋ በጀርባው ያለውን ይስበዋል። የፊቱና የጀርባው ድምፅ በስፒከሩ ጠርዝ ዞረው የተገናኙ እንደሆነ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ፤ ይልቁንም ወፍራሙ ድምፅ ፈጽሞ ይሰወራል። ይህን ለገዢ ለማሳየት ብዙ ድካም የለውም። አንዱን ስፒከር ራቁቱን አስጩኾ፣ ቀጥሎ በመካከሉ በልኩ በተቀደደ ሰፊ ካርቶን ላይ አስጠግቶ ማሰማት ይበቃል። ልዩነቱን የማይሰማ ደንበኛ አይገኝም።

ይህን ነገር አጥብቀው የመረመሩት፣ የሚያስገርም ቢመስልም፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የባቡር አምሳያ እየሠሩ የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። ጎጃም ባቡር አልገባበትም፤ የጅቡቲው ባቡርም አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዳሩ ግን የእነዚህ ሰዎች ልምድ ለሬድዮ ነጋዴ ይጠቅማል። ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ባነሰ አምሳያ ሆድ ውስጥ የሞተሩንና የፊሽካውን ድምፅ የሚያሰማ ስፒከር ያስገባሉ። የሚመርጡትም ብዙ ጊዜ ለሞባይል ስልክ የተሠራውን፣ ርዝመቱ 15፣ ወርዱ 11 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነውን ነው። ስፒከሩ ብቻውን ሲሰማ እንደ ትንኝ ያለ ድምፅ ይሰጣል። በዙሪያው በተደፈነች ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ላይ በማስቲሽ ሲለጠፍ ግን ሌላ ዕቃ የገባ ይመስላል። ሣጥኗ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ብታፈስ ድምፁ ይቀጥናል። ስለዚህም ቦታ ሲጠብባቸው ከስፒከሩ ስፋት ይልቅ ለሣጥኑ አየር ቦታ መተውን የሚመርጡ አሉ።

ይኸው ዓይነት ስፒከር በቡሬ የስልክ ጠጋኝ መሳቢያ ውስጥም ይገኛል። ስልኩ ከተጠገነ በኋላ ድምፁ የቀነሰ እንደሆነ፣ በስፒከሩ ዙሪያ የነበረው ስስ ስፖንጅ ተጥሎ እንደ ሆነ አስቀድሞ መመልከት ተገቢ ነው።

ከሣጥኑ ቀጥሎ የሚመጣው የኦም ነገር ነው። በስፒከሩ ጀርባ 4 ወይም 8 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የሚያገኘውን እንቅፋት ያመለክታል። ባለ 8 ኦም በነበረበት ባለ 4 የገባ እንደሆነ፣ የድምፁ ቁልፍ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ያህል ይሆናል። መጀመሪያ ድምፁ ስለሚጨምር ገዢው ደስ ይለዋል። ኋላ ግን ከገበያ እስከ ገበያ ይቆይ የነበረው ባትሪ ቶሎ ያልቃል፤ የሬድዮው ማጉያ ክፍልም እየጋለ ሊቃጠል ይችላል። «አቃጠለብኝ» የሚለው ክስ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ቁጥሩ የተፋቀ ስፒከር በቴስተር ሲለካ ባለ 8ቱ 6 ወይም 7፣ ባለ 4ቱ ከ3 እስከ 3 ተኩል ያህል ያሳያል፤ ይህ ጉድለት አይደለም።

የባጃጅ ባለቤቶች ደግሞ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮችን በአንድ መስመር ጎን ለጎን ሲያስገጥሙ 2 ኦም ብቻ ይቀራል፤ ለ4 ኦም የተሠራ ማጫወቻ ይህን አይችልም። በስሱ ፕላስቲክ ወይም ላሜራ ላይ በሁለት ብሎን ብቻ የታሰረ ስፒከር ከዘፈኑ ይልቅ የላሜራውን መንቀጥቀጥ ያሰማል። ከኮምፔንሳቶ የተቆረጠ ቀለበት ከሥሩ ገብቶ በአራት ብሎን ቢጠብቅ ዋጋው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። ሁለቱ ስፒከሮች አንዱ ሲገፋ ሌላው የሚስብ ሆነው እንዳይገጠሙም ያስፈልጋል። የ1.5 ቮልት ባትሪ ለአፍታ ብቻ ሲነካ ወረቀቱ ወደ ፊት ከወጣ፣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው።

አስመጪዎች የሚጠነቀቁበት ሌላ ነገር አለ። በካርቶኑ ላይ በመቶ የሚቆጠር ዋት ተጽፎ አጠገቡ «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» የሚል ምልክት ካለ፣ ቁጥሩ እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መንገድ ለቅጽበት ያሰላው ስለሆነ ዋጋን ለማወዳደር አይረዳም። ከላኪው መጠየቅ ያለበት ስፒከሩ ለዘለቄታው የሚችለው ዋት፣ «አር.ኤም.ኤስ.» የሚባለው ነው። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ የሚሆን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ጆሮ የሚሰማው ጭማሪ ግን መጠነኛ ነው። ማግኔትን በእጅ መዝኖ መፍረድም ዛሬ ያሳስታል፤ የኒዮዲሚየም ማግኔት ቀላል ሆኖ ሳለ ከከባዱ የበለጠ ኃይል ሊኖረው ይችላልና።

በመጨረሻም የአቀማመጥ ነገር አለ። በጎጃም ክረምት የወረቀት ስፒከር እርጥበት ይስባል፤ በበጋ ደግሞ የመንገድ አቧራ ከማግኔቱ መካከል ይገባል። ስለዚህ ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ይቀመጥ። ሲሸጥም ገዢው እያየ ወረቀቱን በሁለት ጣት በዝግታ ገፋ አድርጎ የመፋቅ ድምፅ አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ በቴስተር መለካትና የተገኘውን ኦም በደረሰኙ ላይ መጻፍ በሳምንቱ የሚመጣውን ክርክር ያስቀራል።