«ወላጅ አምጣ» ቢሉህም ግባ

አንተ ልጅ፣ ወዲህ በል! ደብተርህን ሸሚዝህ ውስጥ ሸጉጠህ ወዴት ነው? አልቆጣም፣ ቁጭ በልና ስማኝ ሆዴ።

መጀመሪያ፣ ፎረፍክ ብዬ ዱርዬ አልልህም። የአሶሳ ማንጎ ሲበስል ክፍል ውስጥ መቀመጥ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እኔም አፍንጫ አለኝ። የምፈራልህ የፎረፍክበትን ቀን ሳይሆን ማግስቱን ነው። ሰኞ ስም ሲጠራ «ቀሪ» ተብለሃል። ብትመለስ «ወላጅ አምጣ» ይሉሃል፤ ለአባትህ መንገር ደግሞ ያስፈራል። ስለዚህ ማክሰኞም ትቀራለህ። ሐሙስ ብትገባ ሒሳቡ ጥሎህ ሄዷል፤ ያኔ ክፍሉ ራሱ ያስጠላሃል። ብዙው ልጅ ትምህርቱን የሚያቆመው እንዲህ ነው፣ አቆማለሁ ሳይል።

ስለዚህ ማታውኑ ለእናትህ ንገራት። እሷን ከፈራህ ለአክስትህ፣ ለእኔም ቢሆን። ሰፈራችን ውስጥ ምስጢር እንደማያድር ታውቃለህ፤ አባትህ ከጎረቤት ከሚሰማ ካንተ ይስማ። ብቻ ከፑል ቤት አንዱን ጎረምሳ «አጎቴ ነው» ብለህ እንዳትወስድ! ያቺን ብልሃት የክፍል ኃላፊህ ካንተ በፊት ያውቃታል።

የሚደበድብህ ወይም የሚሰድብህ ልጅ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱንም ተናገር፣ አንተ ብቻ አይደለህም። የዓለም ጤና ድርጅት በየአገሩ ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉ ተማሪዎችን ሲያስጠይቅ፣ ያለ ፈቃድ ስንት ቀን እንደቀሩም ያካትታል። በብዙ አገር ጉልበተኛ የሚያስቸግራቸውና ብቸኝነት የሚሰማቸው ከሌሎቹ ይልቅ ሲቀሩ ተገኝተዋል። የወላጅ ክትትል ያላቸው ደግሞ ያነሰ ይቀራሉ። እናትህ «የት ዋልክ?» ስትልህ አትነጫነጭ፣ ወንድምዓለም።

ወርቅ ላጥብ ነው ካልክ፣ የመንጌና የኩርሙክ ወርቅ አይሸሽም። በክረምት የራሰ ጉድጓድ እንደሚናድ ለአንተ አልነግርህም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እንኳ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። ቤት ውስጥ ችግር ካለ ለክፍል ኃላፊህ ተናገርና ፈቃድ ጠይቅ፤ ተፈቅዶልህ መቅረትና ጠፍተህ መቅረት አንድ አይደሉም።

አንቺ ደግሞ እህትዓለም፣ ሞዴስ አጣሁ ብለሽ በየወሩ አትቅሪ። ለመምህርትሽ በጆሮዋ ንገሪያት፤ እሷም በዚያው አልፋለች።

ያመለጠውን ደብተር ሁለታችሁም ዛሬውኑ ተዋሱ። በስልክ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ የለም፤ በእጃችሁ ገልብጡት። ያልገባችሁን አስምሩበትና ነገ መምህሩን በእረፍት ሰዓት ያዙት።