ስለ እስስት

ከብቸና ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ በሰፊ እርሻ መካከል ያልፋል። ጤፍና ስንዴ ያያል፤ ዛፍ ግን ብዙ አያይም። ከሩቅ እንደ ጥላ የጠቈረ ደን ቢያይ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በዚያ ጥድና ወይራ ሳይቈረጡ ኖረዋል፤ በጥላቸውም ብዙ ወፎችና ትንንሽ እንስሳት ይጠጋሉ።

አንድ ተማሪ እንዲህ ባለ ደን አጠገብ ሲያልፍ በአጋም ቍጥቋጦ ላይ እስስት አየ፤ ፈጥኖም ድንጋይ አነሣ። መምህሩ ከኋላው ደርሰው፣ «ልጄ፣ ምን አደረገችህ?» አሉት።

«የኔታ፣ መርዝ አላት፤ የነከሰችው ሰው አይድንም ይባላል» አለ።

«ይባላል አልህ። አንተ አይተሃልን?»

ልጁም፣ «አላየሁም» ብሎ ዝም አለ።

«እንግዲያስ ድንጋዩን ጣልና አስቀድመህ ተመልከታት» አሉት።

ልጁም ቀርቦ ተመለከተ። ዓይኖቿ ወደ ውጭ ወጥተዋል፤ አንዱ ወደ ፊት ሲያይ ሁለተኛው ወደ ኋላ ያያል። የእግሯ ጣቶች በአንድ ወገን ሁለት፣ በሌላው ወገን ሦስት ሆነው ተጣብቀዋልና ቅርንጫፉን እንደ ጕጠት ይይዛሉ። ጅራቷም እንደ አምስተኛ እጅ ይጠመጠማል። ዝንብ ባረፈች ጊዜ ምላሷን ወርውራ ያዘቻት። የእስስት ምላስ ሲዘረጋ፣ ጅራት ሳይቈጠር፣ ከአካሏ ሊረዝም ይችላል።

እስስት ከእንሽላሊት ወገን ናት፤ መርዝም የላትም። መልኳ የሚለዋወጠው በብርሃን፣ በሙቀትና በብርድ፣ በፍርሃትና በቍጣ ነው እንጂ ሰውን ለማታለል አይደለም። ቃሉን የማይጠብቅን ሰው «እስስት ነው» ይሉታል፤ እርሷ ግን ለማንም ቃል አልሰጠችም።

መልኳ የሚለወጥ ስለ ሆነ፣ ወገኗን በቀለም ብቻ መለየት አይቻልም። ሊቃውንት ቀንድ እንዳላትና እንደሌላት፣ በጀርባዋ ያለው የቅርፊት ተርታ እንዴት እንደ ሆነ፣ ጅራቷ ምን ያህል እንደሚረዝም ይመረምራሉ። በየትኛው አገርና በምን ያህል ከፍታ እንደ ተገኘችም ይጽፋሉ።

ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ተጓዥ ቀንድ የሌላትን የኢትዮጵያ የደጋ እስስት በ1845 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በመጽሐፍ ስም ሰጣት። ይህች ከስምጥ ሸለቆ በምዕራብም በምሥራቅም ባለው ደጋ ትኖራለች። በደቡብ በኩል በባሌ ተራሮች ግርጌ ሐረና የሚባል ዝናብ የሚበዛበት ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ። በ1995 አንዲት እስስት በዚህ ደን ስም ተጠራች፤ በ1998 ደግሞ ሌላ የባሌ እስስት፣ ወንዱ ሁለት ቀንድ ያለው፣ ተለይታ ታወቀች።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው። በባሌ ተራሮች ሰሜናዊ ወገን የምትኖር እስስት ከደጋዪቱ እስስት ጋር አንድ ናት ትባል ነበር። በጀርባዋና በጅራቷ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የቆሙትን ሹል ቅርፊቶች አስተውለው የተመለከቱ ሰዎች በ2021 ራሷን የቻለች ወገን እንደ ሆነች አስታወቁ። ከመጀመሪያው ስም እስከዚህ ድረስ 176 ዓመት አለፈ። ከዚያ በፊት ስንት ሰው አይቷት አልፎ ይሆን! ስንቱስ በድንጋይ ገድሏት ይሆን!

እስስት ቀስ ብላ ትራመዳለች። ደኑ ሲመነጠር እንደ ወፍ በርራ፣ ሰፊውን እርሻ ተሻግራ ሌላ ደን መግባት አይሆንላትም። ስለዚህ በጎጃም በየኮረብታው የቀረው ትንሽ ደን ለእንዲህ ያሉ ፍጥረታት መጠጊያ ነው።

ልጆች ሆይ፣ ያን ተማሪ አስቡ። ድንጋዩን ወርውሮ ቢሆን ኖሮ ምን እንደ ገደለ እንኳ ሳያውቅ በገደለ ነበር። በሰውም ላይ እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው በወሬ ይጠላል፤ ቀርቦ የመረመረው ግን ጥቂት ነው። እናንተም «ይባላል» ሲሏችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ቀርባችሁ ተመልከቱ።

ጥያቄ፤

1. ተማሪው ድንጋይ ያነሣው ስለ ምንድን ነው?
2. የእስስት ወገን በቀለም ብቻ የማይለየው ለምንድን ነው?
3. በ2021 የታወቀችው እስስት በምን ተለየች?