እልፍኝና አዳራሽ፤ በመኪና ሥዕል ለሚያሠሩ ተማሪዎች አጭር ትምህርት

በአገራችን የትልቅ ሰው ቤት አዳራሽና እልፍኝ ነበረው። አዳራሹ ለመጣው ሁሉ ሲሆን፥ እልፍኙ ለቤተኛ ብቻ ነው። የዛሬው ትምህርታችንም ይህን ልዩነት ማወቅን ይጠይቃል።

ሚድጆርኒ የተባለው ሥዕል ሠሪ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲከፈት፥ የሚሠራው ዲስኮርድ በሚባለው የመወያያ መድረክ ውስጥ ነበር። ዛሬ በራሱ ድረ ገጽም ይሠራል። በዲስኮርዱ አዳራሽ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚያዝ፥ የአንዱ ሥዕል በሌላው ጎርፍ ይወሰዳል። ስለዚህ ለጥቂት ጓደኛሞች የራስን እልፍኝ ማበጀት ይጠቅማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንደኛ፥ በዲስኮርድ ግራ ጠርዝ ያለውን የመደመር ምልክት ተጭነን አዲስ ክፍል እንከፍትና ስም እናወጣለታለን። ሁለተኛ፥ ቦት የሚባለውን የሚድጆርኒ ትእዛዝ ተቀባይ ወደ ክፍላችን እናስገባለን። ሦስተኛ፥ እዝባር አስቀድመን «ኢማጂን» የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ጽፈን፥ የምንሻውን በእንግሊዝኛ እንዘረዝራለን። አራት ሥዕሎች ይቀርቡልናል፤ ከሥራቸው ባሉት ቁልፎች የወደድነውን ለብቻው እናወጣለን፥ ወይም ተለዋጭ እናሠራለን። ክፍሉን መክፈት በነጻ ነው፤ ሥዕል የሚያሠራ አባል ግን ለሚድጆርኒ የየራሱን ክፍያ ይከፍላል።

አሁን ከጎንደር በስተሰሜን፥ በላይ አርማጭሆ ለምትገኘው ለትክል ድንጋይ፥ ውኃ አፍልቶ ስለ መጠጣት የሚያስተምር ሥዕል ፈለግን እንበል። የከተማይቱን ስም መጥራት አይበቃም፤ ስሙን ተርጉመን ብንሰጠውማ የቆመ ድንጋይ ስሎ ሊያመጣልን ይችላል። ስለሆነም የደጋውን ኮረብታ፥ በጭቃ የተመረገውን ክብ ሣር ቤት፥ ምድጃውን፥ እናቲቱ የለበሰችውን ነጠላ አንድ በአንድ እንናገር። ያገሩን መልክ የምናውቀው እኛ ነንና፥ የመጣውንም መርምረን ማረም የእኛ ፈንታ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን እናስተውል፤ እልፍኙ መስኮት አለው። በሩ የሚዘጋው ጭውውታችንን እንጂ ሥዕሉን አይደለም። በግል ክፍል የተሠራ ሥዕልም እንኳ በሚድጆርኒ ድረ ገጽ ለሌሎች ሊታይ ይችላል። ከዚህ የሚጠብቀው «ስቴልዝ» የተባለው የመሰወሪያ አሠራር ነው፤ እርሱም የተፈቀደው ከፍ ያለ ክፍያ ለሚከፍሉት ነው።

እንግዲህ በተለይ የጤና ተማሪዎች የሆንን ሁሉ፥ «ክፍሉ የራሳችን ነው» ብለን የሕመምተኛ ፎቶግራፍ ወይም ያልፈቀደ ሰው ፊት ለመኪናው አንስጥ። የሠራነውንም ሥዕል ስናሳይ በመኪና የተሠራ መሆኑን ከሥሩ እንጻፍ፤ የገጠር ወገናችን እንደ እውነተኛ ፎቶግራፍ ተቀብሎት እንዳይሳሳት።

አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ። ከእልፍኝ የወጣ ሥዕልም እንዲሁ ነው።