ውጤትን የሚያሳይ መሣሪያና መንገድን የሚያሳይ መሣሪያ፦ ቀንንና ሰዓትን በማወቅ ረገድ የዲጂታልና ዲጂታል ያልሆኑ መገልገያዎች ንጽጽር

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ ዲጂታል መሣሪያዎች ዲጂታል ካልሆኑት ጋር ሲነጻጸሩ ምን እንደሚያተርፉና ምን እንደሚያጎድሉ፣ ቀንንና ሰዓትን ማወቅ በሚል አንድ የዕለት ተዕለት ተግባር ላይ ተመሥርቶ ይመረምራል። የግድግዳ ካሌንደር፣ የባሕረ ሐሳብ ስሌትና ባለ ዘንግ ሰዓት በአንድ ወገን፣ ሞባይል ስልክና የቀን መለወጫ መተግበሪያዎች በሌላ ወገን ይነጻጸራሉ። ጽሑፉ ዋናው ልዩነት በፍጥነት ላይ ሳይሆን ስሕተትን ለመለየት ባለው ዕድል ላይ እንደሆነ ያስረዳል፤ በመጨረሻም ሁለቱን ወገኖች አጣምሮ ለመጠቀም የሚረዱ ሐሳቦችን ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ዲጂታል መሣሪያ፣ የዘመን አቆጣጠር፣ ባሕረ ሐሳብ፣ ማመሳከሪያ

1. መግቢያ

በዲጂታልና ዲጂታል ባልሆኑ መገልገያዎች መካከል የሚደረግ ንጽጽር አብዛኛውን ጊዜ በፍጥነትና በምቾት ላይ ያተኩራል። በዚህ መለኪያ አንድ ሞባይል ስልክ ካሌንደርን፣ የእጅ ሰዓትንና የማስታወሻ ደብተርን በአንድነት ስለሚተካ ብልጫው አያከራክርም። ይሁን እንጂ መለኪያው አንድ ዐቢይ ጥያቄ ይዘላል፤ ይኸውም መሣሪያው የተሳሳተ ውጤት ሲሰጥ ተጠቃሚው ስሕተቱን በምን ያውቃል የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ኢትዮጵያ የተመቸች ናት። የአገሪቱ ሰው በየቀኑ ሁለት የዘመን አቆጣጠሮችንና ሁለት የሰዓት አቆጣጠሮችን እያፈራረቀ ይኖራል። የሥራ ቀጠሮ፣ የሕክምና ቀጠሮ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የልደት ማስረጃ፣ ጾምና በዓል ሁሉ ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው መሻገርን ይጠይቃሉ። በዚህ መሻገሪያ ላይ የምትፈጠር የአንድ ቀን ወይም የስድስት ሰዓት ስሕተት ትንሽ ብትመስልም ቀጠሮን ታሳልፋለች፣ ጉዞን ታሰናክላለች፣ ሰነድን ከሰነድ ጋር ታጋጫለች።

2. የንጽጽሩ መነሻ

ሰው የአእምሮውን ሥራ በከፊል ለውጫዊ መሣሪያ ማስረከቡ አዲስ ነገር አይደለም። ኢቫን ሪስኮና ሳም ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት የዳሰሳ ጽሑፍ እንደሚያሳዩት፣ በወረቀት ላይ ማስታወሻ መጻፍም ሆነ በስልክ ላይ ማስታወሻ መሙላት የዚሁ የማስረከብ ተግባር ሁለት መልኮች ናቸው። ዲጂታል መሣሪያ በማስታወስ ችሎታ ላይ ያሳድራል የሚባለውን ተጽዕኖ በተመለከተ ግን በጥንቃቄ መናገር ይገባል። ቤትሲ ስፓሮውና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች መረጃው በኮምፒውተር ውስጥ እንደሚገኝ ሲያውቁ ከመረጃው ይልቅ መገኛውን ማስታወስ እንደሚቀናቸው ገልጸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣና የ21 ጥናቶችን ሙከራ ዳግም የሠራ ጥናት ግን ከዚሁ ሥራ ከወሰደው አንድ ሙከራ የመጀመሪያውን ውጤት አላገኘም።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ «ስልክ የማስታወስ ችሎታን ይገድላል» ከሚል ድምዳሜ አይነሳም። መነሻው ከዚህ የጠበበ ነው፤ ተግባሩን ለመሣሪያ ካስረከብን በኋላ ውጤቱን ለማመሳከር የሚያስችለን ዕውቀት በእጃችን ቀርቷል ወይስ አልቀረም? የጥናቱ ዘዴም መጠይቅ ሳይሆን መሣሪያዎቹ የሚሠሩበትን መንገድ መተንተንና ስሌቱን በእጅ ሠርቶ ከታወቀው ቀን ጋር ማስተያየት ነው።

3. ዕለቱን ማወቅ

የግድግዳ ካሌንደር ወሩን በሙሉ በአንድ እይታ ያሳያል፤ በብዙዎቹም ላይ የኢትዮጵያና የአውሮፓ ቀኖች ጎን ለጎን ታትመው ይገኛሉ። ተጠቃሚው የሚፈልገውን ቀን ሲያይ ጎረቤት ቀኖችን፣ ዕለቱንና በዓላቱን አብሮ ያያል። ስልክ በአንጻሩ ጊዜውን ከኔትወርክ ተቀብሎ ራሱን ያስተካክላል፣ ቀጠሮን በድምፅ ያስታውሳል፣ ሩቅ አገር ያለ ዘመድ የሚገኝበትን ሰዓት ያሳውቃል፤ ማየት ለተሳነው ሰው ደግሞ ቀኑን አንብቦ ይነግራል። እነዚህ በወረቀት የማይገኙ ጥቅሞች ናቸው።

ከሁለቱም በፊት የነበረና ዛሬም ያልጠፋ ሦስተኛ መገልገያ አለ፤ እርሱም የማኅበረሰቡ የጋራ ቆጠራ ነው። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ የወሩ ቀኖች በወርኃዊ በዓላት ይታወቃሉ፤ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም ነው። ወርኃዊ ማኅበርና ጽዋ ያለው ሰው ቀኑን በቁጥር ሳይሆን በስም ይይዘዋል። አንዱ ቀን ቢስት ሌላው «ሚካኤል እኮ ትናንት ነበር» ብሎ ያርመዋል። የዚህ መገልገያ ጥንካሬ ዕውቀቱ በብዙ ሰዎች ዘንድ መኖሩ ነው፤ ስሕተት በአንድ ሰው ይጀመራል እንጂ ሳይታረም ሩቅ አይሄድም።

4. በዓላትን ማስላት

የፋሲካን ቀን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በስልኩ ላይ ዓመቱን ቢያስገባ መልሱን በቅጽበት ያገኛል። በባሕረ ሐሳብ ግን መልሱ የሚገኘው በደረጃ ነው። ለምሳሌ የ2017 ዓ.ም. ስሌት እንደሚከተለው ይሠራል።

በመጀመሪያ 5500 ዓመተ ኩነኔ ከ2017 ዓመተ ምሕረት ጋር ተደምሮ 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 1 ይተርፋል። 1879ኙ መጠነ ራብዒት ይባላል፤ ቀሪው 1 መሆኑ ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ እንደሆነ ያመለክታል። ዓመተ ዓለሙና መጠነ ራብዒቱ ተደምረው 9396 ይሆናሉ፤ ድምሩ ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ቀሪው 1 ሲሆን ማክሰኞ፣ 2 ሲሆን ረቡዕ ስለሚባል መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ ዋለ።

ቀጥሎ 7517 ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ 11 ወንበር ይገኛል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 121 ይሆናል፤ በሠላሳ ሲገደፍ አበቅቴው 1 ነው። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 209 ይሆናል፤ በሠላሳ ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 29 ደግሞ ረቡዕ ነው። የረቡዕ ተውሳክ 4 ስለሆነ 29 እና 4 ተደምረው 33 ይሆናሉ፤ በሠላሳ ሲገደፍ መባጃ ሐመሩ 3 ይሆናል። ድምሩ ከሠላሳ በማለፉ ጾመ ነነዌ ከጥር ወደ የካቲት ተሻግሮ የካቲት 3 ይገባል። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 12 ላይ ይውላል። በዓሉም የተከበረው በዚሁ ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2025 ነው።

የስሌቱ ርዝመት ከስልኩ ቅጽበት ጋር ሲተያይ ድካም ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በመካከሉ የተቀመጡ ማመሳከሪያዎችን ልብ ማለት ያሻል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ምንጊዜም 30 መሆን አለባቸው፤ በምሳሌያችን 1 እና 29 ናቸው። ነነዌ ሰኞ መግባት፣ ፋሲካም እሑድ መዋል አለበት። መስከረም 1 ረቡዕ ከሆነ ሚያዝያ 12 ከእርሱ 221 ቀን ይርቃል፤ ለ7 ሲካፈል 4 ስለሚተርፍ ዕለቱ እሑድ ይሆናል። በመካከል አንድ ቁጥር የሳተ ሰው ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ማመሳከሪያዎች በአንዱ ላይ ይጋጫል፤ የትኛው ደረጃ ላይ እንደተሳሳተም ወደ ኋላ ተመልሶ መፈለግ ይችላል። በስልኩ መስኮት ላይ የሚታየው ግን የመጨረሻው ቀን ብቻ ነው። ቢሳሳት ተጠቃሚው የሚያርምበት መያዣ የለውም።

በእስልምናም ተመሳሳይ ልዩነት ይታያል። ስልክ የረመዳንን መጀመሪያ አስቀድሞ በስሌት ያሳያል፤ ጨረቃ መታየቷን በሚጠብቀው ምእመን ዘንድ ግን ወሳኙ ምስክርነት ነው። ስለዚህ በስልኩ ላይ የሰፈረው ቀን ግምት እንጂ ውሳኔ አለመሆኑን ማወቅ የመሣሪያው አጠቃቀም አካል ነው።

5. ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው

የማመሳከር አስፈላጊነት ጎልቶ የሚታየው ቀንን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮሳዊው ስንለውጥ ነው። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ከዘመነ ሉቃስ ማግስት ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። ጳጉሜን 2015 ዓ.ም. 6 ቀን ስለነበረች 2016 ዓ.ም. የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፤ የአንድ ቀኑ ልዩነትም ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 እስኪያልፍ ድረስ ቆየ። በዚያ ዓመት ጥምቀት እንደ ወትሮው ጥር 11 ሲከበር በአውሮፓው ጃንዋሪ 20 ሆነ። ገና ደግሞ እንደ ዘመነ ዮሐንስ ሥርዓት ታኅሣሥ 28 ተከብሮ ጃንዋሪ 7 ላይ ዋለ። «መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው» በሚል ቋሚ ልዩነት የተሠራ መተግበሪያ ቢኖር በዚያ ዓመት ከአምስት ወር በላይ የአንድ ቀን ስሕተት ይሰጥ ነበር።

ወደ ኋላ ስንሄድ ሌላ ወጥመድ አለ። የዓድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን ይህም ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ዛሬ በዓሉን የምናከብረው ግን ማርች 2 ቀን ነው። ምክንያቱ የጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1900 የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን በመተዉና የኢትዮጵያው አቆጣጠር አራት ዓመት እየጠበቀ ያለማቋረጥ በመጓዙ ነው። የዛሬውን ልዩነት ለጥንቱ ቀን የሚጠቀም መሣሪያ ማርች 2 ቀን 1896 የሚል መልስ ይሰጣል። ያ ቀን ሰኞ ነበር። በባሕረ ሐሳብ ግን መስከረም 1 ቀን 1888 ዓ.ም. ረቡዕ፣ የካቲት 23 ደግሞ እሑድ ይሆናል። የዕለቱ ስም ብቻውን ስሕተቱን ያጋልጣል።

6. ሰዓት

በሰዓት ረገድ ልዩነቱ በመሣሪያው ቅርጽ ላይ ይታያል። የኢትዮጵያ ሰዓት ከንጋት ስለሚጀምር ከዓለም አቀፉ አነጋገር የስድስት ሰዓት ልዩነት አለው። በክብ ሰዓት ላይ ስድስት ሰዓት የክበቡ እኩሌታ ነው፤ ስለዚህ አጭሩ ዘንግ 9 ላይ ሲያመለክት ትይዩው 3 ነው፤ 10 ላይ ሲሆን ትይዩው 4 ነው። ተመልካቹ ሳይደምርና ሳይቀንስ በዓይኑ ይለውጠዋል። በስልክ ላይ 15:00 የሚል ጽሑፍ ግን ስድስት ተቀንሶለት 9 ሰዓት መባል አለበት፤ ስሌቱ ቀላል ቢሆንም በጥድፊያ ጊዜ ይሳታል።

ከዚህ የሚከብደው የቀን መለወጫው ነው። ስልክ ቀኑን የሚለውጠው በእኩለ ሌሊት ነው፤ በተለምዶ አነጋገር ግን ሌሊቱ እስኪነጋ ድረስ ያለፈው ቀን ተከታይ ተደርጎ ይቆጠራል። ትኬቱ ላይ ረቡዕ 01:00 የሚል የተጻፈለት መንገደኛ ከቤቱ መውጣት ያለበት ማክሰኞ ማታ ነው። አማርኛ ለዚህ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» የሚል አገላለጽ አለው። ሁለቱንም ቀኖች ስለሚጠራ ለስሕተት በር አይከፍትም፤ አጭሩ የዲጂታል ጽሑፍ የሚያጣውን ማመሳከሪያ ቋንቋው ይዞታል።

7. ውይይት

ከላይ የቀረቡት ምሳሌዎች አንድ ሐሳብ ያጠናክራሉ። ዲጂታል ያልሆነው መገልገያ መንገዱን ያሳያል፣ ዲጂታሉ ውጤቱን ያሳያል። መንገዱን ማየት ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ተጠቃሚውን መርማሪ ያደርገዋል። ውጤቱን ብቻ ማየት ጊዜ ይቆጥባል፤ ተጠቃሚውን ግን በእምነት ላይ ያሳርፈዋል። በሌላ በኩል የእጅ ስሌት በድካምና በዝንጋኤ ይሳሳታል፤ የታተመ ካሌንደርም የኅትመት ግድፈት ሊኖርበት ይችላል። በትክክል የተሠራ መተግበሪያ ደግሞ ያንኑ ስሌት ለሺህ ዓመታት ሳይታክት ይደግመዋል። ስለሆነም ችግሩ የዲጂታልነት ባሕርይ ሳይሆን የአሠራር ምርጫ ነው፤ ደረጃዎቹን የሚያሳይ መተግበሪያ መሥራት የሚከለክል ነገር የለም።

8. ማጠቃለያና አስተያየት

ዲጂታል መሣሪያ የዕለት ሥራን ማቅለሉ እውነት ነው፤ የሚተካው መገልገያ ይዞት የነበረውን የማመሳከር ዕድል አብሮ እንዳያስቀር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በዚህ መሠረት አራት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ በሰነድና በቀጠሮ ላይ ቀን ሲጻፍ የዕለቱ ስምና የአቆጣጠሩ ዓይነት አብረው ይጻፉ፤ የአንድ ቀን ስሕተት ወዲያው የሚታወቀው በዕለቱ ስም ነው። ሁለተኛ፣ የሌሊት ጉዞና ቀጠሮ ሲነገር የሁለቱ ቀኖች ስም ይጠራ። ሦስተኛ፣ የቀን መለወጫና የበዓላት መተግበሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች ወንበሩን፣ አበቅቴውን፣ መጥቅዑንና ዕለቱን ከውጤቱ ጋር ያሳዩ፤ ሥራቸውንም እንደ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ባሉ በታወቁ ቀኖች ይፈትኑ። አራተኛ፣ የባሕረ ሐሳብ ስሌት በትምህርት ቤት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንደ ማካፈልና ቀሪ ማግኛ መልመጃ ሊሰጥ ይችላል፤ ተማሪው በእጁ ሠርቶ ያገኘውን በስልኩ ያመሳክራል፣ ስልኩ ያሳየውንም በእጁ ይፈትሻል።