ጣሪያው ተቀይሯል፤ ጧሪውስ?

 

የዛሬው ትምህርታችን በተለይ ከመካነ ሰላም፣ ከወግዲ፣ ከከላላ፣ ከሳይንትና ከለጋምቦ ወጥታችሁ ደሴ፣ አዲስ አበባ፣ ጅዳ ወይም ሪያድ ለምትኖሩ፣ እንዲሁም እዚያው ቀዬው ላይ ላላችሁ ወጣቶች ነው። ርዕሱ ቤት ነው፤ የአረጋውያን ቤት።

ባለፉት ዓመታት ክረምት በመጣ ቁጥር ደስ የሚል ሥራ እናያለን። ወጣቶች ተሰብስበው የአንዲት አቅመ ደካማ እናት ያዘመመች ጎጆ ያፈርሳሉ፤ አዲስ ግድግዳ ያቆማሉ፤ ጭቃ ይመርጋሉ፤ ቆርቆሮ ይመታሉ። እማማ እያለቀሱ ይመርቃሉ፤ ፎቶ ይነሳል። አልሐምዱሊላህ፣ ትልቅ ኸይር ሥራ ነው። የሠራ እጅ ይባረክ።

ግን ከፎቶው በኋላ ያለውን ሌሊት እናስብ። እማማ ለሽንት ይነሳሉ። ቤቱ አዲስ ነው፤ መብራት ግን የለውም። መጸዳጃው ከጓሮ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። መሬቱ ርሷል፤ ብርዱ የደጋ ብርድ ነው። ዓይናቸውም እንደ ድሮው አያይም። ቢወድቁ ማን ይሰማቸዋል? ጣሪያው ተቀይሯል። ጧሪውስ?

*1. አላህ እርጅናን የት አስቀመጠው?*

በሱረቱል ኢስራእ 23ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) እርሱን ብቻ ማምለክን ካዘዘ በኋላ ወዲያው ለወላጆች በጎ መዋልን ያዝዛል። የመሰልቸት ቃል እንኳ እንዳንናገራቸው የከለከለን እዚያው ላይ ነው። ይህን ሁላችንም ከቁርኣን ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። በችኮላ የምናልፋት አንዲት ቃል ግን አለች፦ «ዒንደከ»። «አንተ ዘንድ» ማለት ነው። አንቀጹ የሚናገረው አንተ ዘንድ፣ በቅርብህ፣ በጥበቃህ ሥር ሆነው ስለሚያረጁ ወላጆች ነው።

እዚህ ላይ ራሳችንን እንጠይቅ። ብር በየወሩ የምንልክላቸው እናት እኛ ዘንድ ናቸው ወይስ ብቻቸውን? መላኩ ግዴታን መወጣት ነው፤ አላህ ይቀበለው። ነገር ግን መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ብር ውሃ አይቀዳም፤ ከወደቁበትም አያነሳም።

*2. እርሳቸው አይምጡ፤ እኛ እንሂድ*

መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ አቡበክር (ረ.ዐ.) አባታቸውን አቡ ቁሓፋን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይዘው መጡ። ሽማግሌው ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ፀጉራቸው ነጭ ሆኖ ነበር። ነቢያችን ሲያዩዋቸው አቡበክርን መልሰው ጠየቁ፤ ሽማግሌውን እቤታቸው ትተሃቸው እኔ ራሴ ብሄድ አይሻልም ነበር የሚል ሐሳብ ያለው ጥያቄ ነበር።

አስተውሉ! የሰው ልጆች ሁሉ አለቃ፣ በድል ቀናቸው፣ አንድን አረጋዊ ፍለጋ ወደ ቤቱ ሊሄዱ ፈለጉ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ሰው ሲያረጅ እርዳታ ወደ እርሱ ይሄዳል እንጂ እርሱ እርዳታ ፍለጋ አይንገላታም።

የሶላትንም ነገር አስታውሱ። ኢማም ሲያስረዝም ከኋላው ደካማና ሽማግሌ አለና ያሳጥር ተባለ። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ እንዲሰግድ ተፈቀደለት። ዲናችን ሶላትን እንኳ ለአረጋዊው ካመቻቸ፣ እኛ ቤትን ለእርሱ ማመቻቸት እንዴት ያቅተናል?

*3. ሌሎች ከደረሱበት እንማር*

በእንግሊዝ አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለአረጋውያን ተብለው የተሠሩ ትናንሽ ቤቶች ተስፋፉ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ በርና ቁልፍ አለው፤ በግቢው አንድ ተቆጣጣሪ ይኖር ነበር፤ ችግር ሲገጥም የሚጎተት የደወል ገመድ አለ። ዓመታት ሲያልፉ ግን ነዋሪዎቹ ይበልጥ አረጁ፤ ደወሉ ብቻውን አልበቃ አለ። አንዱ መንገድ ሰዎቹን ወደ ሌላ ተቋም ማዛወር ነበር። ሌላው መንገድ ቤቱን ማሳደግ ነው፦ የበሩን ደፍ ማንሳት፣ መግቢያውን ማስፋት፣ ተቀምጠው የሚታጠቡበት ቦታ ማበጀት፣ ቀንም ሌሊትም የሚደርስ ተንከባካቢ መመደብ። በአንዳንድ ቦታ በዚህ በሁለተኛው መንገድ ተሄደ። ሰውየው ቁልፉን እንደያዘ፣ እንክብካቤው ወደ ደጁ መጣ።

በአገራችንም ቢንያም በለጠ አዲስ አበባ ላይ የመሠረተው መቄዶንያ ቤትና ዘመድ ያጡ አረጋውያንን ከጎዳና እያነሳ ይጦራል። ጎዳና ላይ ለወደቀ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ሕይወት ነው። የእኛ ደጋ አረጋውያን ግን አብዛኞቹ ጎጆ አላቸው፤ ጎረቤት አላቸው፤ አዛን የሚሰሙበት መስጂድ አላቸው። ከዚያ ነቅሎ መውሰድ ሳይሆን ባሉበት ማሳደግ ይቀላል፤ ለክብራቸውም ይሻላል።

*4. ቤቱን ለእርጅና እንዴት እናመቻች?*

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ይሞታሉ፤ ከሁሉም በላይ የሚጎዱትም ከ60 ዓመት በላይ ያሉት ናቸው። መውደቅን የሚቀንሱት ነገሮች ደግሞ ከቆርቆሮ እጅግ የረከሱ ናቸው።

▪ *መኝታው፦* መደቡ ወይም አልጋው ሲቀመጡበት እግር መሬት የሚነካበት፣ ለመነሳትም የማያስቸግር ከፍታ ይኑረው። አጠገቡ የሚይዙት ጠንካራ እንጨት ይተከል።

▪ *መጸዳጃው፦* ወደ ቤቱ ይቅረብ። መንገዱ ይደልደል፤ ዳር ዳሩን የእጅ መደገፊያ አጣና ይሠራለት። መቀመጥ ለሚከብዳቸው መሐሉ የተቀደደ ወንበር ማበጀት ለአናጢ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለሌሊት ክዳን ያለው ፖፖ አልጋው ሥር ይቀመጥ።

▪ *ብርሃኑ፦* በፀሐይ የምትሞላ አንዲት ትንሽ መብራት እጃቸው በሚደርስበት ቦታ ትሰቀል።

▪ *ጭሱ፦* ምድጃው ከመኝታው ይራቅ፤ ጭስ መውጫ ይበጅለት።

▪ *ውሃው፦* 20 ሊትር ጀሪካን ለእርሳቸው ሸክም ነው። ውሃው በባለ 5 ሊትር ዕቃ ተከፋፍሎ ይቀመጥ። ለውዱእ መቀመጫ በርጩማና ቀላል ማንቆርቆሪያ ይዘጋጅ። መስጂዳችንም ውዱእ ማድረጊያው ላይ መደገፊያ አለው ወይ ብለን እንይ።

ይህን ሁሉ ከማድረጋችን በፊት ግን እርሳቸውን እንጠይቅ። «እማማ፣ ሌሊት የሚያስቸግርዎ ምንድን ነው?» ብለን እንቀመጥ። ቤቱ የእርሳቸው ነው። ዕቃቸውን ሳያማክሩ ማንሳት ውለታ አይደለም፤ ድፍረት ነው።

*5. ሰዉስ?*

የቤቱ ዋናው ክፍል ሰው ነው። እዚህ ላይ ወሎ ትልቅ ሀብት አላት፦ ቅሬ። ሰው ሲሞት ቅሬው ሳይጠራ ይመጣል። ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈለጣል፣ ቀብር ይቆፈራል፣ ለቀስተኛ ይስተናገዳል። የቀረ ይቀጣል። እንግዲህ እንጠይቅ፦ በሞቱ ማግሥት ውሃ የምንቀዳለት ሰው፣ በሞቱ ዋዜማ ውሃ የሚቀዳለት አጥቶ ከሆነ አላህ ፊት ምን እንላለን? «ጧሪ ቀባሪ አታሳጣኝ» ብለው ሲመርቁ አባቶቻችን ጧሪን ያስቀደሙት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ግን ቀባሪነቱን ይዘን ጧሪነቱን ጣልነው።

ስለዚህ ወጣቶች ከቅሬው ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጣችሁ ይህን አቅርቡ፦ በአንድ አረጋዊ ዙሪያ ሰባት ቤቶች፣ ለሰባት ቀን ተራ። ተረኛው ጠዋትና ማታ ይገባል። አራት ነገር ያያል፦ በልተዋል ወይ? መድኃኒታቸውን ወስደዋል ወይ? እንደ ትናንቱ ተነስተዋል ወይ? ውሃና እንጨት አለ ወይ? ድንገት ንግግር ከተሳሰረ፣ አንድ ጎን ከደከመ፣ ወይም ከወደቁ በኋላ መቆም ካቃታቸው ነገ እያሉ ማቆየት የለም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ይወሰዳሉ። ገላ ማጠብ ካስፈለገ ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ፤ ሐያቸው ይጠበቅ። ሥራ ከሌላችሁ ደግሞ ተቀምጣችሁ ቡና አጣጧቸው፤ እስከ በረካ። ብቸኝነትም በሽታ ነው።

በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢ የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተ ለከተማው አረጋውያን ልጆች መሆን ትችላላችሁ። ቤተሰብ ርቋችኋል፤ እነርሱም ልጅ ርቋቸዋል።

*6. በመብታቸውም እንቁም*

ብዙ አረጋውያን የሚገባቸውን የማያገኙት የሚሄድላቸው ሰው ስለሌለ ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ የራሳችን ደቡብ ወሎ ተሁለደሬ ነበረች። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለው። የምዝገባው ወቅት ሳያልፍ ወደ ቀበሌ ሄዳችሁ ስማቸውን አስመዝግቡ። በሴፍቲኔት በታቀፉ ወረዳዎችም መሥራት ለማይችሉ አቅመ ደካሞች ቀጥተኛ ድጋፍ አለ፤ ጠይቁላቸው። ዓይናቸውንም አስመርምሩ። በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው በሞራ ነው፤ ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። «እርጅና ነው» ተብለው በጨለማ የተቀመጡ ስንት እናቶች አሉ!

በሩ የማን ነው ብለንም አንምረጥ። ዑመር (ረ.ዐ.) ሙስሊም ያልሆነ አንድ ሽማግሌ ሲለምን አይተው፣ በጉልበቱ ዘመን ግብር ተቀብለነው በእርጅናው ልንጥለው ፍትሕ አይደለም በሚል ከበይተል ማል ድጎማ እንዳዘዙለት ተዘግቧል። የእኛ ቀዬ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አጥር ተጋርቶ፣ ተጋብቶና ተዋልዶ የሚኖርበት ነው። የጎረቤት ሐቅ አጥር አያቆመውም።

*የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ*

ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አንድ አረጋዊ ምረጡ። ቀን ሳይሆን ሲመሽ ሂዱ። ከመኝታቸው እስከ መጸዳጃው ያለውን መንገድ አብራችኋቸው ሂዱ። እግራቸው የት እንደሚያደናቅፍ፣ እጃቸው ምን እንደሚፈልግ እዩ። ከዚያ ምን እንደሚሠራ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ። ውጭ ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ስትደውሉ «ብሩ ደረሰ?» ብቻ አትበሉ፤ «ሌሊት ማን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ማንም» ከሆነ ከምትልኩት ላይ ቀንሳችሁም ቢሆን በአጠገባቸው የሚያድር አንድ ታማኝ ሰው ፈልጉ።

ያ አላህ! ያረጁብንን በቅርባችን አኑርልን። እጃችንን ከፊታችን በፊት የሚያውቁ፣ ድምፃችንን ሲሰሙ የሚረጋጉ አድርግልን። በተራችን ስናረጅም በራችንን የሚያንኳኳ ልጅ አታሳጣን። ኣሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!